ከቡሪ አቧራ እስከ አዲስ አበባ ከፍታ፦ የቤት ውስጥ ትሬድሚል እና የቀበቶው እንክብካቤ

ካርቱም ላይ ሃቡብ ሲነሳ አስቀድሞ የሚታየው አድማሱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ቡናማ ግድግዳ ነው። ነዋሪው ልብሱን ከገመድ ያወርዳል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይወትፋል። እንዲያም ሆኖ ነፋሱ ካለፈ በኋላ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ በሳሎኑ ወለል፣ በአልጋው ልብስ፣ በስኒዎቹ ረከቦት ላይ ተነጥፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ጽዳት ይለቃል። በሳሎኑ ጥግ የቆመው የመሮጫ ማሽን ውስጥ የገባው ግን በመጥረጊያ አይወጣም።

በተለምዶ ትሬድሚል የሚባለው ይህ ማሽን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። ሙሉ ክብደቱን የጣለ ሰው በየሰከንዱ እየረገጠው የሚሠራ ሌላ የቤት ዕቃ የለም። ሆኖም ማቀዝቀዣው ወይም የልብስ ማጠቢያው የሚያገኘውን ያህል እንክብካቤ እንኳ አያገኝም። ተገዝቶ ጥቂት ወራት ይሮጥበታል፤ ከዚያ ቀበቶው መንሸራተት፣ ሞተሩ መሽተት ይጀምራል፤ በመጨረሻም የልብስ መስቀያ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ያበቃው ትልቅ ብልሽት ሳይሆን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት እጦት ነው።

ቡሪ ከካርቱም መሀል በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ ነባር ሰፈር ናት። ከወንዙ ማዶ ኮበር እና ካርቱም ሰሜን ይታያሉ። በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሆን ለእግር ጉዞ የሚመቸው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ እና ከመግሪብ በኋላ ብቻ ነው። ሐኪም በየቀኑ እንዲራመዱ ላዘዛቸው የስኳር እና የደም ግፊት ሕሙማን፣ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች፣ በጎዳና ላይ ስፖርት መሥራት ለማይመቻቸው ሴቶች የቤት ውስጥ ማሽን ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከደጅ ወጥቶ ይህን መሙላት የማይችል ሰው ማሽኑ ሲቆምበት መድኃኒቱ እንደተቋረጠበት ያህል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ኃይል እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲፈነዳ፣ የጦሩ ዋና መምሪያ ለቡሪ ቅርብ በመሆኑ ሰፈሯ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንስቶ የእሳት መስመር ሆነች። ብዙዎች በር ቆልፈው፣ አንዳንዶችም ሳይቆልፉ ወጡ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ጦሩ ዋና ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ የተዘጉ ክፍሎችን ከፍተዋል። ብዙ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የመዳብ ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳ ውስጥ ተመዞ ተወስዷል። ከባድ በመሆኑ ያልተነሳ ትሬድሚል ካለ ከእነአቧራው ቆሞ ይጠብቃል። ውሃ እና መብራት ባልተሟላበት ቤት የስፖርት ማሽን የመጀመሪያው ሐሳብ አይሆንም። ጊዜው ሲደርስ ግን ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰክቶ ማስነሳት ማሽኑን ለማቃጠል፣ አንዳንዴም ቤቱን ለማቃጠል አጭሩ መንገድ ነው።

ከእስር ቤት ወደ ሳሎን

የትሬድሚል ታሪክ ከስፖርት አይጀምርም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኪዩቢት እአአ በ1818 እስረኞች ደረጃ እንደሚወጡ እየረገጡ የሚያሽከረክሩትን ትልቅ መንኮራኩር ሠራ። የብሪታንያ እስር ቤቶችም እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ለቅጣት ተጠቀሙበት። ሐኪሞች ማሽኑን የተቀበሉት ብዙ ቆይተው ነው፤ ልብ በጫና ውስጥ ስትሆን የምታሳየውን ለውጥ ለማንበብ ዛሬም በሆስፒታሎች የሚሠራበትን የምርመራ ሥርዓት አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ እአአ በ1963 ይፋ አደረገ። በ1960ዎቹ መገባደጃ ደግሞ መሐንዲሱ ዊልያም ስታውብ የዶክተር ኬኔት ኩፐርን ኤሮቢክስ የተሰኘ መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ተራው ሰው ቤቱ ሊያስገባው የሚችል ማሽን ሠራ። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ሁሉ የዚያ ዘሮች ናቸው፤ ዋናው አሠራራቸውም እምብዛም አልተለወጠም።

በማሽኑ አፍንጫ ላይ ካለው የላስቲክ ክዳን ሥር ሞተር አለ። ከሞተሩ ወደ ፊተኛው ሮለር ኃይል የሚያደርሰው የመኪና መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት ዓይነት ጠባብ ባለ ሽንትር ቀበቶ ነው። ፊተኛው ሮለር ሲዞር ሰው የሚረግጠውን ሰፊ ቀበቶ ይጎትታል። ሰፊው ቀበቶ በኋላኛው ሮለር ዞሮ ይመለሳል። በሁለቱ ሮለሮች መካከል፣ ከቀበቶው ሥር፣ ፊቱ የለሰለሰ ጠፍጣፋ የጣውላ ሰሌዳ ተዘርግቷል። የሯጩን ክብደት የሚሸከመው ቀበቶው ሳይሆን ይህ ሰሌዳ ነው። ቀበቶው በእግር እና በሰሌዳው መካከል ተጨፍልቆ ይንሸራተታል።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ መንሸራተት ነው። ሰው ሲሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ እና ከዚያ በላይ በሆነ ኃይል ያርፋል። በዚያች ቅጽበት ቀበቶው በሰሌዳው ላይ ይጣበቃል፣ ሞተሩም ፍጥነቱን ላለመቀነስ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይስባል። በመካከሉ ስስ የዘይት ሽፋን ካለ ጭማሪው ትንሽ ነው። ከደረቀ ሰበቃው ይበረታል፤ ሰሌዳው ይሞቃል፣ የቀበቶው ሆድ ይፋቃል፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሰርኪውት ከአቅሙ በላይ ይሠራና አንድ ቀን ይቃጠላል። ባለቤቱ ሰርኪውቱ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ቀበቶው እንደደረቀ ስለሚቆይ አዲሱም በጥቂት ወራት ይከተላል። ጠጋኞች ደጋግመው የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ዘይቱ፦ የትኛው፣ ምን ያህል፣ መቼ

ለአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች የሚመከረው መቶ በመቶ የሲሊኮን ዘይት ነው። ቀለም እና ሽታ የሌለው፣ ሙቀት የማያቀጥነው፣ ላስቲክን የማይበላ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ግራሶ እና የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አይሆኑም። ከነዳጅ የተሠሩት የቀበቶውን ሆድ እና የመጋጠሚያውን ሙጫ ያላላሉ። የምግብ ዘይት ደግሞ ከቀናት በኋላ ይረጋል፤ ከአቧራ ጋር ተለውሶም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ይሆናል። ሰሊጥም ሆነ ኑግ፣ ኦቾሎኒም ሆነ ሱፍ ልዩነት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አምራቾች ሰሌዳውን በሰም ሸፍነው ስለሚሸጡ ዘይት እንዳይጨመርበት ይከለክላሉ። የማሽኑ መመሪያ ከጠፋ የሞዴሉን ቁጥር ከክፈፉ ላይ አንብቦ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ መፈለግ ከግምት ይሻላል።

ዘይት ያስፈልግ እንደሆነ የሚታወቀው በእጅ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ስፒናው ይነቀላል፤ ይህ ቅደም ተከተል ለማንኛውም ሥራ አይዘለልም። ከዚያ ሰፊው ቀበቶ ከጎን በኩል ከፍ ተደርጎ እጅ ወደ መሀል፣ እግር ዘወትር ወደሚያርፍበት ቦታ ይገባል። ሰሌዳው ጣትን ካራሰ ጊዜው ገና ነው። ደረቅ ከሆነ፣ ይልቁንም ጥቁር ብናኝ ጣት ላይ ከቀረ፣ ዘግይቷል። ጠርዙን ብቻ መንካት ያሳስታል፤ እግር ስለማይደርስበት ጠርዙ ለረጅም ጊዜ ርጥብ እንደሆነ ይቆያል።

ከመቀባቱ በፊት ሰሌዳው መጽዳት አለበት። አቧራ ባለበት ላይ ዘይት ማፍሰስ ጭቃ ማቡካት ነው። ረጅም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በቀበቶው ሥር ያልፍና ሁለት ሰዎች ሁለቱን ጫፍ ይዘው ከፊት እስከ ኋላ ይጎትቱታል። ጨርቁ ጠቁሮ ሲወጣ በሌላ ይተካል። ከዚያ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በእባብ አካሄድ በሰሌዳው መካከለኛ ክፍል ይንጠባጠባል። ስፒናው ተሰክቶ በዝቅተኛ ፍጥነት ለአምስት ደቂቃ ያህል ሰው ይራመድበታል፤ እግሩን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያሳረፈ ዘይቱን ያዳርሳል።

የበዛ ዘይት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ወደ ሮለሮቹ ይፈስና ቀበቶው እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ከጎን ወጥቶ ወለሉን ያሙለጨልጫል፣ አቧራንም እንደ ማር ይሰበስባል።

ብዙ መመሪያዎች በየሦስት ወሩ ወይም በየ200 ኪሎ ሜትሩ ይላሉ። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እየተራመደ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው በወር 75 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሁለቱ መለኪያዎች ይቀራረባሉ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን 200 ኪሎ ሜትር በአንድ ወር ያልቃል። እንደ ካርቱም አቧራ በበዛበት ከተማ በወር አንድ ጊዜ እጅ ሰድዶ ማየት፣ ሃቡብ ካለፈ በኋላም ሳይረግጡ በፊት ሰሌዳውን በጨርቅ ማጽዳት ይመረጣል።

ውጥረት እና አቅጣጫ

ከኋላኛው ሮለር ግራ እና ቀኝ ሁለት ቡሎኖች አሉ። የሚፈቱት ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ባለ ስድስት ጎን ብሩጎላ ነው። ሰፊውን ቀበቶ የሚወጥሩትም ሆነ የሚያቀኑት እነዚህ ብቻ ናቸው። ከትሬድሚል ጋር የተያያዘው ጥገና ግማሹ እዚህ ያልቃል፤ ግማሹ ጥፋትም የሚፈጸመው እዚሁ ነው።

ትክክለኛ ውጥረት ያለው ቀበቶ በመሀሉ ከጎን ሲነሳ ከሰሌዳው ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ከተነሳ ላልቷል። ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ይህም ቀበቶውን ይለጥጣል፣ የሮለሮቹን ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ለማጥበቅ ሁለቱም ቡሎኖች እኩል፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳይበልጡ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራሉ። ከዚያ ተሞክሮ ካልበቃ ሌላ ሩብ ይጨመራል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሁለት ሙሉ ዙር ያዞርና የጀመረበትን ነጥብ ያጣል፤ ስለዚህ ከመንካት በፊት የቡሎኑን አቋም በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ብልህነት ነው።

ቀበቶው ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ማስተካከሉ የሚሠራው ማሽኑ እየዞረ፣ ማንም ሳይቆምበት፣ በሰዓት አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ወደ ቀኝ የሚሸሽ ከሆነ የቀኙ ቡሎን ሩብ ዙር ይጠብቃል፤ ወደ ግራ ከሆነ የግራው። ቀበቶ ከጠበበው ጎን ወደ ላላው ስለሚሄድ ነው። ለውጡ ወዲያው ስለማይታይ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ነጠላ፣ የሻሽ ጫፍ፣ ረጅም ቀሚስ፣ የተለቀቀ ፀጉር እና የአንገት ሐብል ከሮለሩ አጠገብ መድረስ የለባቸውም። ወለሉ ወጣ ገባ በመሆኑ ብቻ ቀበቶው የሚሸሽባቸው ማሽኖችም ጥቂት አይደሉም፤ ቡሎኑን ከመንካት በፊት በውሃ ልክ ወለሉን መለካት ሥራ ይቀንሳል።

እየሮጡ ሳለ ቀበቶው ለቅጽበት ቆም ብሎ እንደገና ሲሄድ ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ኋላኛው ቡሎን ይሮጣል። ነገር ግን ሁለት ቀበቶዎች ስላሉ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይቀድማል። እግር ሲያርፍ ሰፊው ቀበቶ ቆሞ ፊተኛው ሮለር መዞሩን ከቀጠለ የላላው ሰፊው ነው። ሮለሩም አብሮ ከቆመ እና ሞተሩ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ችግሩ ያለው ከክዳኑ ሥር ያለው ቺንጋ ላይ ነው። ቺንጋ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽንትሩም ይሞላል። ዋጋው ከሰፊው ቀበቶ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ ይህን መለየት ገንዘብ ነው።

አቧራ፣ ሞተር እና የማይታየው ክፍል

የሞተሩ ክዳን በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ሲሆን በካቻቢቴ ይፈታል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በመቆጣጠሪያ ሰርኪውቱ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ከመክፈት በፊት በርከት ያሉ ደቂቃዎች መጠበቅ ግድ ነው። ሰርኪውቱን በእጅ መንካት አያስፈልግም።

አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ሞተር ካርቦን ያለው ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሲሠራ የራሱን ጥቁር የካርቦን ብናኝ ያወጣል፤ በዚህ ላይ የበረሃው አቧራ ሲደረብ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ጽዳቱ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ እና በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይሠራል። ከጎሚስታ ቤት የሚመጣ የአየር ግፊት ፈጣን ቢመስልም ውሃ ያዘለ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱም አቧራውን ወደ ኩሽኔታው ይነዳዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለአዲስ አበባ ይበቃ ይሆናል፤ ለቡሪ አይበቃም። የሃቡብ ወራት ከመግባታቸው በፊት እና ካለፉ በኋላ፣ በመካከልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ማጽዳት ይገባል።

በካርቱም የክረምት ደረቅ አየር ሌላ ችግር ያመጣል። ቀበቶው በሰሌዳው ላይ ሲፋተግ የሚፈጠረው የቆመ ኤሌክትሪክ ሯጩን በጣቱ ይነዝረዋል፣ ሰዓት እና ፍጥነት የሚያሳየውንም ሰሌዳ በድንገት ያጠፋዋል። ብዙዎች ይህን የማሽን ብልሽት አድርገው ይወስዱታል። መፍትሔው የሲሊኮን ዘይቱ እና ትክክለኛ የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ነው። በአሮጌ ቤቶች ባለ ሦስት እግር ሶኬት ግድግዳው ላይ ቢኖርም ሦስተኛው ሽቦ ከምንም ጋር ያልተያያዘበት ጊዜ አለ፤ ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ ካላየው አይታወቅም።

እዚህ ላይ ስለማን እንደሚያጸዳው መናገር ይገባል። በካርቱም፣ በቤይሩትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በሰው ቤት ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ሴቶች በርካታ ናቸው። ትሬድሚሉን የሚወለውለው ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ የማይሮጥበት ሰው ነው፤ መመሪያውም በማታነበው ቋንቋ ተጽፏል። ስፒናው ሳይነቀል ውሃ በጠጣ ጨርቅ ቀበቶውን መጥረግ፣ የመነሻ ቁልፉን ሳያስቡ መንካት፣ ከሞተሩ ክዳን ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚያደርሰው አደጋ ግልጽ ነው። ስፒና መንቀል፣ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ መጠቀም እና በደረቅ መጨረስ በአንድ ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው። ያንን አለመናገር የአሠሪው ጥፋት ነው።

መብራት ሲመጣ እና ሲሄድ

በሱዳን የቤት ኤሌክትሪክ 230 ቮልት፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ በወረቀት ላይ። ጭነት በበዛበት ምሽት ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፤ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ ይዘላል። ቮልቱ ሲወርድ መቆጣጠሪያው ፍጥነቱን ለመጠበቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይሞቃልም። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ኃይሉ 1,500 ዋት ያህል ስለሚሻ ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካቱ ገመዱን ያቀልጣል። የራሱ ሶኬት ቢኖረው ይመረጣል። ማራዘሚያ የግድ ከሆነ ሽቦው ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አጭር እና ያልተጠቀለለ መሆን አለበት።

እየተሮጠ ሳለ መብራት ቢጠፋ ቀበቶው በድንገት ሊቆም ይችላል። መቆራረጥ በለመደበት ሰፈር መያዣውን ያልለቀቀ ተራማጅ ከነጻ ሯጭ ይልቅ ከመውደቅ ይድናል። መብራቱ እስኪመለስ ስፒናውን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ሰርኪውቱን ከመጀመሪያው ዝላይ ያተርፈዋል።

በጦርነቱ ወቅት በካርቱም ብዙዎች ወደ ፀሐይ ኃይል ዞረዋል። ከፀሐይ ባትሪ ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ንጹሕ ሞገድ የማያወጣ ርካሽ ዓይነት ከሆነ የትሬድሚልን መቆጣጠሪያ ያስጮኸዋል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ለመብራት እና ለማራገቢያ ታስቦ ከተገጠመ ትንሽ ኢንቨርተር አቅም በላይ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ከአሜሪካ ዕቃ ጭነው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። አስማሚ ስፒና ብቻ ተደርጎለት 220 ላይ ሲሰካ ከሰከንዶች በላይ አይቆይም። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ያም ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ትንሹ ሳይሆን ከ2,500 እስከ 3,000 ዋት የሚችል መሆን አለበት። የቀበቶው ሞተር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚጠቀም በ60 እና በ50 ኸርዝ መካከል ያለው ልዩነት አይጎዳውም፤ የማሽኑን አፍንጫ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትንሹ ሞተር ግን ዘገም ሊል ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗም ከቁጥር ይገባል። የሞተር አቅም በአብዛኛው የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የካርቱም ሞተር በአየሩ ሙቀት፣ የአዲስ አበባው በአየሩ ስስነት ይደክማል። መድኃኒታቸው ተመሳሳይ ነው፦ ንጹሕ ቀዳዳ፣ ያልደረቀ ቀበቶ፣ ከረጅም ሩጫ በኋላ ዕረፍት።

ሁለት ዓመት የቆመ ማሽን

ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ማሽን ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ‘ይሠራ እንደሆነ እንየው’ ብሎ መሰካት ነው። በካርቱም ላልፈነዱ ተተኳሾች የሚደረገው ፍተሻ ሳያልቅ ክፍል ውስጥ ዕቃ ማንቀሳቀስ እንደማይገባ ተመላሾች ራሳቸው ያውቁታል። ቤቱ ከተፈተሸ በኋላም የመጀመሪያው ሥራ መመልከት ነው። ጣሪያው አፍስሶ ከሆነ ሰሌዳው ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ያበጠ ሰሌዳ አይድንም፣ ይቀየራል። በሞተሩ ክዳን ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ ሽቦ በልታ ሊሆን ይችላል። ሮለሮቹ ዝገው፣ ቺንጋው ተሰነጣጥቆ ሊገኝ ይችላል።

ስፒናው ሳይሰካ ሰፊው ቀበቶ በእጅ ወደ መሮጫው አቅጣጫ ይጎተታል። ያለችግር ከዞረ ጥሩ ምልክት ነው። ከተጣበቀ ወይም ኩሽኔታው ከተንቋቋ በኃይል መጎተት አይገባም። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ሽቦዎቹ ይታያሉ፣ ሰሌዳው ተጠርጎ ዘይት ይቀባል። የሶኬቱ ቮልት በመለኪያ ይታያል፤ በተዘረፈ ቤት እንደገና የተዘረጋ መስመር ላይ ይህ አይዘለልም። በመጨረሻ ማንም ሳይቆምበት በዝቅተኛው ፍጥነት ለአሥር ደቂቃ ይሠራል። በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የታጠፈ ቀበቶ መጀመሪያ ላይ ‘ዱብ፣ ዱብ’ ይላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የተቃጠለ ላስቲክ ወይም ሽቦ ሽታ ከመጣ ግን መንቀል እንጂ መጠበቅ የለም።

ሥራው በደንብ እንደተከናወነ የሚያሳይ ቀላል ሙከራ አለ። ባዶውን ማሽን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር አስኪዶ የደኅንነት ቁልፉን መንቀል ነው። ቀበቶው በራሱ ጊዜ ጥቂት ተንሸራትቶ ከቆመ ሰበቃው ትንሽ ነው። እንደ ፍሬን ቀጥ ካለ ደርቋል ወይም ከመጠን በላይ ተወጥሯል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ባላቸው ሞዴሎች ላይ ግን ይህ ሙከራ አይሠራም።

ጊዜው ያለፈበት ቀበቶ ራሱን ያሳያል፦ ጠርዙ ይተለተላል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ሆዱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እንዲህ የተላገ ቀበቶ ዘይት አያድነውም። ሲተካ ስፋቱ እና የዙሪያው ርዝመት መታወቅ አለበት፤ ሻጭ ሞዴሉን ባያውቀውም በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይቆርጣል ወይም ያዝዛል። ካርቱም ላይ ማሽኑ ‘ጂሃዝ መሺ’፣ ቀበቶው ‘ሴር’ ተብሎ ቢጠየቅ ሻጩ ይገባዋል። አዲስ ቀበቶ ጎድጉዶ በተበላ ሰሌዳ ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው። አንዳንድ ሰሌዳዎች ሁለቱም ፊታቸው የለሰለሰ ስለሆነ ተገልብጠው ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛሉ፤ አዲስ ከመግዛት በፊት ገልብጦ ማየት አይከፋም።

ልጆች ባሉበት ቤት

እአአ በግንቦት 2021 የአሜሪካው ፔሎተን ኩባንያ 125,000 ያህል ትሬድ ፕላስ የተሰኙ ማሽኖቹን ከገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ሕፃናት፣ የቤት እንስሳት እና ዕቃዎች በማሽኑ የኋላ ክፍል ወደ ሥር እየተሳቡ አደጋ ማድረሱ፣ አንድ የስድስት ዓመት ሕፃንም በዚሁ መሞቱ ነበር። ኩባንያው ለማስተካከል ጊዜ ወስዶበታል፤ አደጋው ግን የአንድ ሞዴል ብቻ አይደለም። የኋላኛው ሮለር እና የቀበቶው መገናኛ በማንኛውም ማሽን ላይ ትንሽ እጅ የሚስብ ቦታ ነው። የሚሽከረከር ቀበቶ የልጅን መዳፍ በሰበቃ ብቻ በሰከንዶች ያቃጥላል፣ ቆዳውንም ይገፍፋል።

ስለዚህ ከማሽኑ ኋላ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጀርባውን ወደ ክፍሉ መሀል ማድረግ ይሻላል። የወደቀ ሯጭ በቀበቶውና በግድግዳ መካከል እንዳይጠበስም ይረዳል። በገመድ ልብስ ላይ የሚንጠለጠለው የደኅንነት ቁልፍ ከሩጫ በኋላ ማሽኑ ላይ አይተውም፤ ስፒናው ተነቅሎ፣ ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቁልፉ የጠፋባቸው አንዳንዶች በምትኩ ማግኔት ለጥፈው ማሽኑን ያስነሳሉ። ማሽኑ ይሠራል፤ የሚወድቀውን ሰው ግን የሚያቆምለት ነገር አይኖርም።